ከመውጣት ገመድ ይቅደም

ሰው ከፍ ያለ ነገር ለመሥራት በተነሣ ጊዜ አስቀድሞ መሠረቱን ይመረምራል፤ ድንጋዩን ይመርጣል፤ ብረቱን ይለካል፤ የሚወጣውንም ገንዘብ ያሰላል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን በዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ ብሎኑን የሚያጠብቀው ሰው እግሩ ቢስት በምን ይያዛል ብሎ አስቀድሞ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የሙሴ ሕግ ይህን ጥያቄ እጅግ አስቀድሞ አንሥቶታል። በኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል፤ ምክንያቱም ከዚያ ላይ ሰው ቢወድቅ የደሙ ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ነው። ሕጉ የወደቀውን ሰው ስለምን አልተጠነቀቅህም ብሎ አልወቀሰም፤ የቤቱን ባለቤት አስቀድሞ አዘዘው እንጂ። ዛሬም ወደ ብረት ማማ ስለሚወጡ ሠራተኞች የሚነገረው ነገር ሁሉ ከዚህ ፍርድ ሊጀምር ይገባዋል።

በመቀሌ ከተማ በቁሓ ቆሞ ዙሪያውን ለሚመለከት ሰው ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ከዚያ ወደ ደቡብ በአሸጎዳ በጥቅምት ወር 2006 ዓ.ም. የተመረቀው የነፋስ ኃይል ማመንጫ 84 ማማዎች የተተከሉበት ሲሆን፥ 120 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲሰጥ ተብሎ የተሠራ ነው። ማማው አንድ ጊዜ ከተተከለ በኋላ ሥራው አያልቅም፤ ብሎኑ ይጠብቃል፣ መዘውሩ ቅባት ይቀባል፣ ክንፉ ይመረመራል፤ ለዚህም ሁሉ ሰው መውጣት አለበት። ከነዚህም በቀር ከፍተኛ ኃይል የሚያስተላልፉ የብረት ማማዎች፣ የስልክ አንቴና የተሸከሙ ምሰሶዎች፣ የመጋዘንና የፋብሪካ የብረት ጣራዎች በየስፍራው ቆመዋል።

በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት ምክንያት በትግራይ መብራትና ስልክ ብዙ ጊዜ ተቋርጦ እንደ ነበር የታወቀ ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላሙ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ በኅዳር ወር መቀሌ ከአገሪቱ የኤሌክትሪክ መሥመር ጋር ዳግመኛ ተገናኘች። መብራቱ በበራ ጊዜ ደስታው የሁሉ ሆነ፤ የተበጠሰውን ሽቦ ለመቀጠል በማማው ጫፍ ላይ የዋለውን ሰው ያሰበ ግን ብዙ አይመስልም። የፈረሰውን የመጠገንና ያልነበረውን የመሥራት ዘመን ደግሞ ብዙ ሰው ወደ ከፍታ የሚወጣበት ዘመን ነው። ስለዚህ ጥንቃቄው ከሥራው ጋር አብሮ ካላደገ፥ በሰላም ጊዜ የሚሠራው ሥራ ከጦርነት የተረፈውን ሰው እንዲበላ መፍቀድ ይሆናል።

የውድቀትን ኃይል በልቡ የሚንቅ ሰው ቍጥሩን ይመልከት። ከከፍታ የወደቀ ሰው በመጀመሪያው ሰከንድ ብቻ 5 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ስለዚህ በእጅ ብረት ይዞ ራስን ማዳን ከሐሳብ የማያልፍ ነገር ነው። ከ20 ሜትር የወደቀ በ2 ሰከንድ ያህል ጊዜ ውስጥ መሬት ይደርሳል፤ መሬት ሲነካም ፍጥነቱ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ገመድ የያዘውም ቢሆን አያያዙ ክፉ ከሆነ አይድንም። ክብደቱ 80 ኪሎ የሆነ ሰው 2 ሜትር ወድቆ የማይለጠጥ ገመድ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ድንገት ቢያቆመው፥ በሰውነቱ ላይ የሚያርፈው ኃይል የክብደቱ 21 እጥፍ፥ ማለት 1,680 ኪሎ ያህል ይሆናል። ያው ሰው በ1 ሜትር ርቀት ቀስ በቀስ እየበረደ ቢቆም ግን ኃይሉ ወደ 3 እጥፍ ይወርዳል፤ ይህም 240 ኪሎ ያህል ነው። እንግዲህ ገመድ መኖሩ ብቻ በቂ አይደለም፤ የገመዱ ዓይነትና አስተሳሰሩ ከገመዱ መኖር ያላነሰ ነገር ነው።

ይህን ጥበብ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር አድርጎ የሚቈጥር ሰው ቢኖር ወደ ደብረ ዳሞ ይሂድ። ከተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ አቡነ አረጋዊ በ6ኛው መቶ ዓመት በመሠረቱት በዚያ ገዳም፥ መግቢያው 15 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ገደል ነውና ወደ ላይ የሚወጣው ከቆዳ በተገመደ ጠፍር ነው። አስተዋይ ሰው ልብ ሊለው የሚገባው ግን ሁለተኛውን ገመድ ነው። ወጪው አንዱን ጠፍር በእጁ ይዞ በእግሩ ገደሉን እየረገጠ ሲወጣ፥ ሌላ ገመድ በወገቡ ይታሰርለታል፤ ይህንንም ከላይ ያለው መነኵሴ ሳያላላ እየሰበሰበ ይይዝለታል። ወጪው እጁ ቢከዳው ሁለተኛው ገመድ ይይዘዋል። ገመዱ ሁልጊዜ ተወጥሮ ስለሚያዝም ሰውየው ይንጠለጠላል እንጂ ርቆ አይወድቅም። አበው አንዱ ገመድ ለመውጫ፥ ሌላው ለመትረፊያ እንዲሆን ለይተው አስቀመጡ። ዛሬ በዓለም ሁሉ ያሉ መሐንዲሶች የሚያስተምሩት የመጀመሪያ ደንብ ይኸው ነው፤ የሚሠሩበትና የሚድኑበት ነገር አንድ አይሁን።

አሁን በብረት ማማ ላይ የሕይወት ገመድ እንዴት እንደሚታሰር በቅደም ተከተል መናገር ይገባል፤ ሥራውን የሚያዝ ባለ ሥልጣን ምን መጠየቅ እንዳለበት ካላወቀ ሊቈጣጠር አይችልምና።

በመጀመሪያ የሚታየው ገመዱ የሚታሰርበት ቦታ ነው። ብረት ሁሉ አንድ አይደለም። የማማው ዋና እግርና ወፍራሙ አግዳሚ ሰውን ሲይዙ፥ ቀጭኑ ሰያፍ ብረት፣ የመሰላሉ መርገጫ፣ የውኃ ቧንቧና የሽቦ መሸከሚያው ግን ለዚህ አልተሠሩም። የአሜሪካ የሥራ ደንብ አንድ ሰው የሚታሰርበት ቦታ 5,000 ፓውንድ፥ ማለት 2,268 ኪሎ ያህል እንዲችል ያዝዛል፤ አለዚያም በዕውቀቱ የታመነ መሐንዲስ አስልቶ እንዲፈቅድ ይጠይቃል። ማሰሪያው በእግሩ ብረት ላይ ሲጠመጠም ብረቶቹ ከሚገናኙበት መጋጠሚያ በላይ መሆን አለበት፤ ከመጋጠሚያ በታች የተጠመጠመ እንደ ሆነ በተጎተተ ጊዜ ተንሸራቶ ይወርዳል። ዝገት የበላውንና ብየዳው የተሰነጠቀውን ብረት ማመን አይገባም።

ሁለተኛው ነገር ቦታው ከሠራተኛው ራስ በላይና በቀጥታ በአናቱ ትይዩ መሆኑ ነው። ገመዱ ከላይ ታስሮ ከሆነ ውድቀቱ አጭር ይሆናል፤ ከእግሩ ሥር ታስሮ ከሆነ ግን ገመዱ እስኪወጠር ድረስ የገመዱን ቁመት እጥፍ ይወድቃል። ወደ ጎን ርቆ የታሰረ እንደ ሆነ ደግሞ ሰውየው በወደቀ ጊዜ በካህን እጅ እንዳለ ጥና ይወዛወዝና ከብረቱ ጋር ይላተማል፤ ይህም መምታት መሬት ላይ ከመውደቅ የማያንስ ጉዳት ያደርሳል።

ሦስተኛው ከበታች ያለው ባዶ ቦታ ነው። 2 ሜትር ርዝመት ያለው ገመድ ከእግር በታች ሳይሆን በደረት ትይዩ ቢታሰር እንኳ፥ የገመዱ ርዝመት፣ ኃይል የሚያበርደው ጥቅል ተተርትሮ የሚጨምረው እስከ 1.75 ሜትር የሚደርስ ርቀት፣ የሰውየው የራሱ ቁመትና ለጥንቃቄ የሚተወው 1 ሜትር ሲደመር ከ6 ሜትር በላይ ይሆናል። ስለዚህ በ4 ሜትር ከፍታ ላይ እንዲህ ታስሮ የሚሠራ ሰው ታሰርሁ ብሎ ልቡ ቢያርፍም፥ ገመዱ ፈጽሞ ሳያቆመው መሬት ሊቀድመው ይችላል። በዚህ ምክንያት በዝቅተኛ ቦታ የሚሠራው ሰው ከሁሉ ይልቅ አጭር ገመድና ከፍ ያለ ማሰሪያ ያስፈልገዋል።

አራተኛው የብረቱ ስለት ነው። የማዕዘን ብረት ጠርዝ ለዐይን ስለት ባይመስልም፥ ክብደት ሲጫንበት የተወጠረ ገመድ ይቈርጣል። ገመዱ ጠርዝ በሚነካበት ቦታ ሁሉ ወፍራም ቆዳ ወይም ሸራ ይደረግበት፤ በብረቱ ላይ የሚጠመጠመውም ማሰሪያ ከሽቦ የተገመደ ወይም ለዚሁ የተሠራ ወፍራም ጠፍር ይሁን። የቃጫ ገመድና የከብት መጫኛ ዕቃ ለማንሣት ያገለግሉ ይሆናል፤ ሰውን ለማዳን ግን አይገቡም።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የመጀመሪያው ወጪ ነገር ነው። ገመዱ ከላይ ከታሰረ በኋላ የሚወጡት ሁሉ በገመዱ ላይ የሚንሸራተትና ድንገት ሲጎተት የሚነክስ መያዣ ይዘው በሰላም ይወጣሉ። ነገር ግን ያን ገመድ ከላይ የሚያስረው ማን ነው? በብዙ ቦታ ካቦው ከወጣቶቹ መካከል ቀልጣፋውን መርጦ፥ አንተ ወጥተህ እሰር ይለዋል፤ ያም ልጅ የሌሎቹን ሕይወት ለማዳን የራሱን ያለ ምንም መያዣ ይወስደዋል። ይህ ልማድ መቅረት አለበት። በመኪና ላይ የተተከለ ማንሻ ባለበት በማንሻው ይውጣ፤ ወይም ከታች በረጅም ዘንግ ገመዱ በመጀመሪያው አግዳሚ ላይ ይሰቀል፤ ይህም ካልተቻለ ወጪው ሁለት መንጠቆ ያላቸው ሁለት አጫጭር ገመዶች ይኑሩት። አንዱን መንጠቆ ወደ ላይ አሻግሮ ሳይሰካ ሁለተኛውን አይንቀል። ይህን ደንብ የጠበቀ ሰው ከመሬት ከተነሣበት እስኪመለስ ድረስ ለአንድ ቅጽበት እንኳ ሳይታሰር አይገኝም።

ገመዱ ከሰውነት ጋር የሚገናኝበትም ስፍራ የራሱ ጥበብ አለው። በትንቢተ ኤርምያስ በ38ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ ነቢዩ በጭቃ ጉድጓድ ተጥሎ በነበረ ጊዜ ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው። አቤሜሌክ ገመድ ብቻ ይዞ አልሄደም፤ አሮጌ ጨርቅ ፈልጎ አወረደለትና ከብብቱ በታች ከገመዱ ጋር እንዲያደርገው ነገረው። ማዳን የሚሻ ሰው የሚድነው ሰው ሥጋ እንዳይጎዳም ያስባል፤ በዚህም ኢትዮጵያዊው ሰው ለዘመናት ሁሉ ምሳሌ ሆነ። ዛሬ በብዙ ሥራ ላይ የሚታየው ግን ወገብን ብቻ የሚይዝ ቀበቶ ነው። በደብረ ዳሞ ገመዱ ሁልጊዜ ተወጥሮ ስለሚያዝ የወገቡ መታጠቂያ አገልግሏል፤ በብረት ማማ ላይ ግን ገመዱ ላልቶ ሰውየው ርቆ ስለሚወድቅ፥ የወገብ ቀበቶ አከርካሪንና የሆድ ዕቃን ይጎዳል። በአሜሪካ አገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የወደቀን ሰው ለመያዝ በወገብ ቀበቶ መጠቀም የተከለከለው ስለዚህ ነው። የሚገባው ትከሻን፣ ደረትንና ሁለቱን ጭኖች የሚይዝ መታጠቂያ ሲሆን፥ ገመዱም ከጀርባ በትከሻዎች መካከል ይያያዛል።

ተይዞ የተንጠለጠለ ሰውም ገና አልዳነም። መታጠቂያው ጭኑን ይዞ ሳይንቀሳቀስ ሲንጠለጠል ደሙ ወደ እግሩ ይወርዳል፤ በጥቂት ደቂቃም ራሱን ሊስትና ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ማንም ብቻውን አይውጣ። ማውረጃው ገመድና መዘውር፣ ማውረድ የሚያውቁትም ሰዎች ሥራው ሳይጀመር በቦታው ይገኙ። አውራጅ ያልተዘጋጀለት ወጪ ገመድ ቢኖረውም እንደሌለው ይቈጠራል። በኤሌክትሪክ ማማ ላይ ደግሞ ገመዱ ከውድቀት እንጂ ከኃይሉ አያድንምና፥ መሥመሩ መቋረጡና ከመሬት ጋር መያያዙ ሳይረጋገጥ ማንም እንዳይወጣ ያስፈልጋል።

ገመድም እንደ ሰው ያረጃል። ፀሐይ ያደክመዋል፤ የባትሪ ውኃና ቀለም ይበሉታል፤ የብየዳ ፍንጣሪ ይበሳዋል። ስለዚህ በየቀኑ ከመውጣት በፊት በእጅ እየተዳሰሰ በዐይን ይመርመር፤ የተቈረጠ፣ የደረቀ ወይም ቀለሙ የተለወጠ ቢገኝ ይለይ። አንድ ጊዜ ሰው ወድቆበት የያዘ ገመድና መታጠቂያ ከቶ ወደ ሥራ አይመለስ፤ ሌላ ሰው እንዳይጠቀምበትም ተቈራርጦ ይጣል። እያንዳንዱም ገመድ ቍጥር ይሰጠው፤ መቼ እንደ ተገዛና መቼ እንደ ተመረመረ በመዝገብ ይጻፍ። ንዋየ ቅድሳትን በመዝገብ ጽፎ ከትውልድ ወደ ትውልድ ላስተላለፈ ሕዝብ ይህ አዲስ ሥራ አይደለም።

ይህ ሁሉ ሥራን ያዘገያል፥ ገንዘብም ያስወጣል የሚሉ አሉ። ገንዘብ እንደሚያስወጣ እውነት ነው። ነገር ግን በአሜሪካ አገር በሳን ፍራንሲስኮ የወርቅ በር የሚባለው ታላቅ የብረት ድልድይ ሲሠራ ዋናው መሐንዲስ ከድልድዩ በታች መረብ እንዲዘረጋ አደረገ፤ ለዚህም ከ130,000 ብር በላይ በአገሩ ገንዘብ፥ ማለት በዶላር፥ ወጣ። ያ መረብ 19 ሰዎችን ከሞት አተረፈ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በየካቲት ወር 1937 ግን ከባድ መወጣጫ ተሰብሮ በመረቡ ላይ በወደቀ ጊዜ መረቡ ተቀደደና 10 ሰዎች አብረው ሞቱ። ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። ጥበቃ የሰውን ነፍስ ያተርፋል፤ መሸከም ከሚችለው በላይ የተጫነበት ጥበቃ ግን አያድንም። መዘግየቱንም በሚመለከት፥ ጓደኛው ሲወድቅ ያየ ሠራተኛ በዚያ ሳምንት እጁ እየተንቀጠቀጠ የሚሠራው ሥራ ገመድ ለማሰር ከሚያልፈው ሰዓት ይልቅ ይዘገያል። መያዣ ያለው ሰው ልቡ ጸንቶ በሁለት እጁ ይሠራል።

ሕጉስ አልጐደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ኢትዮጵያ የሠራተኞችን ደኅንነትና ጤንነት የሚመለከተውን 155ኛውን ዓለም አቀፍ የሥራ ስምምነት በ1983 ዓ.ም. ተቀብላለች። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011ም አሠሪው መከላከያ ዕቃ እንዲያቀርብ፣ አጠቃቀሙንም እንዲያስተምር ያስገድዳል፤ ሠራተኛውም የተሰጠውን ዕቃ በሚገባ እንዲጠቀም ያዝዛል። እንግዲህ የጐደለው ጽሕፈት ሳይሆን ፈጻሚ ነው። ሕግ በወረቀት ላይ ሳለ ማንንም ከማማ ላይ አይይዝም፤ የሚይዘው በባለ ሥልጣን እጅ ወደ ገመድ ሲለወጥ ነው።

ይህም የሚሆነው ሥራው ከመጀመሩ አስቀድሞ ነው። የጨረታ ወረቀት ሲዘጋጅ ለሲሚንቶና ለብረት እንደሚደረገው ለሕይወት ገመድ፣ ለመታጠቂያና ለሥልጠና የተለየ ሒሳብ ይያዝ፤ ይህ ካልሆነ በዝቅተኛ ዋጋ የሚያሸንፈው ሥራ ተቋራጭ ትርፉን የሚያገኘው ከሠራተኛው ነፍስ ላይ ቀንሶ ነው። ተቈጣጣሪው መሐንዲስ ግንቡን በሚለካበት ዐይን ገመዱንም ይመልከት፤ ያልታሰረ ሰው ከላይ ባየ ጊዜ ሥራውን ያስቁም፤ ስላስቆመውም አይወቀስ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው ሠራተኛው ሳይሠለጥን አይውጣ። የቀን ሠራተኛ ነው፥ ነገ ይሄዳል ተብሎም ትምህርቱ አይከልከል፤ በዚያች በአንዲት ቀን የሚወጣበት ከፍታ ለዘወትር ሠራተኛ ካለው ከፍታ አያንስምና። አደጋ ከደረሰ በኋላ ኮሚቴ ማቆምና ደብዳቤ መጻጻፍ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚያሰኝ ነው።

የካህናቱም ድርሻ ከዚህ አያንስም። በየደብሩ ጉልላት ይሰቀላል፤ ጣራ በብረት ይለወጣል፤ በጦርነቱ የተጎዱ አብያተ ክርስቲያናትም ጥገና ይሻሉ። በዚህ ሥራ ላይ በባሕር ዛፍ መወጣጫ የሚወጣው ብዙ ጊዜ የሰበካው ልጅ ነው፤ ለበረከት ብሎ ያለ ዋጋም ይወጣል። ወድቆ በሞተ ጊዜ ግን ቀኑ ደርሶ ነው ተብሎ ይቀበራል። ቀኑን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ መከታውን አድርጉ ብሎ ያዘዘም እርሱ ነው። ጌታም በመቅደሱ ጫፍ ላይ ቆሞ ራስህን ወደ ታች ወርውር፥ መላእክት ይይዙሃል በተባለ ጊዜ፥ እግዚአብሔርን መፈታተን እንደማይገባ መልሷል። ያለ ገመድ ሰውን ወደ ጉልላት ማውጣት ከዚያ ፈተና በምን ይለያል? ገመድ መታጠቅ የእምነት ማነስ ቢሆን ኖሮ የደብረ ዳሞ አባቶች ሁለተኛውን ገመድ ባላዘጋጁም ነበር። ስለዚህ የደብር አለቃ ሥራውን ባርኮ ሲያስጀምር ገመዱ መታሰሩን ቢጠይቅ ከቡራኬው ጋር የሚስማማ ሥራ ይሠራል፤ በዐውደ ምሕረትም ይህን ቢያስተምር ቃሉ ከማንኛውም ተቈጣጣሪ ቃል ይልቅ ይሰማል።

በአሸጎዳ ኮረብታ ያሉት ማማዎችም፥ በሌላው የአገሪቱ ክፍል የሚቆሙትም ብረቶች፥ የሥልጣኔ ምልክት ተብለው ይመሰገናሉ። ምስጋናው እውነት የሚሆነው ግን ጧት የወጣው ሠራተኛ ማታ በእግሩ ወርዶ ወደ ልጆቹ ሲገባ ነው። ሥራውን ያዘዘ ሰው፥ ማንም ይሁን ማን፥ የሠራተኛው እግር ከመሬት ሳይነሣ ገመዱ የት ታስሯል፣ ማን መረመረው፣ ቢወድቅስ ማን ያወርደዋል ብሎ ይጠይቅ። መልስ ያላገኘ እንደ ሆነ ሥራው ይቆይ። ብረቱ እስከ ነገ ቢጠብቅ አይጎዳም፤ የወደቀውን ሰው ግን የሚመልሰው የለም፤ የደሙም ዕዳ አስቀድሞ እንደ ተነገረው በባለቤቱ ቤት ላይ ይቀራል።